ከሶርስ መገንባት ጉራ ነው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ «ይሄ ሰውዬ አንተን ነው የሚሰድበው» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። አራት ኪሎ ማኪያቶ አዝዤ አነበብኩት። ስሜ የለበትም። ጓደኛዬ ግን አልዋሸም።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይሄ ነው። ኦፕን ሶርስ የሆነ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የዌብ ፖርታልን ከሶርስ ኮዱ ተነሥቶ መገንባት ለአገራችን መሥሪያ ቤቶች ጉራ ነው። ጸሐፊው አምስት ምክንያት ይደረድራሉ። ዶከር በሚባለው፣ ሶፍትዌርን እንደታሸገ በሚያስነሣ መሣሪያ ሁለት መስመር ጽፎ የሚነሣ ነገር እያለ ሦስት ቀን ማባከን ሞኝነት ነው። በእኛ ኢንተርኔትና በእኛ መብራት አይሞከርም። ውድ ሰርቨር ይጠይቃል። ኦፕን ሶርስ ባለቤት ስለሌለው ሲበላሽ የሚደወልለት የለም። በመጨረሻም አማርኛ አይችልም። ስለዚህ፣ ይላሉ፣ ውጭ አገር ላለ ድርጅት በየዓመቱ ከፍሎ መገላገል ነው።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ሥራውን እንደነኩት ግን አጻጻፋቸው ይመሰክራል። ልክ ያሉበት ቦታ ላይ ልክ ነዎት እላለሁ።

በምሳሌ ያነሡት ዲስፔስን ነው። ለእኔ ተመችቶኛል፣ እንጀራዬ እሱ ነውና። ለማያውቀው፣ ዲስፔስ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ጥናት፣ ሪፖርትና የቆየ ፎቶ የሚቀመጥበት፣ በብሮውዘርም የሚፈለግበት ፖርታል ነው። እንደ አውሮፓውያን በ2002 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትና የኮምፒውተር ኩባንያው ኤችፒ አብረው ያወጡት ሲሆን ኮዱ በቢኤስዲ ፈቃድ ክፍት ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን ለሕዝብ የሚያሳየው በዚሁ ሶፍትዌር ነው። እኔ የምሠራው ደግሞ ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ፣ ትንሽ የሰነድ ማዕከል ውስጥ ነው። ሁለት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችና እኔ ነን። ሊፍቱ ብዙ ጊዜ አይሠራም።

ወደ ዶከር እንሂድ። ሁለት መስመር ነው ያሉት እውነት ነው። እኔም አዲስ ቨርዥን ሲወጣ መጀመሪያ የማየው በዶከር ነው። ግን ፕሮጀክቱ ራሱ ያንን ዝግጅት ያቀረበው ለመሞከሪያና ለማልሚያ ነው። የዳታቤዙ ተጠቃሚ ስም «ዲስፔስ» ነው። የይለፍ ቃሉም «ዲስፔስ» ነው። ይሄን ሳይቀይር ለሕዝብ የከፈተ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቁልፉን ሰክቶ የሄደ ሰው ነው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ካዛንቺስ ሳይፈርስ በፊት፣ እዚያ ከነበረ አንድ ቢሮ ተደወለልኝ። ስሙን አልጠራም። ለልምምድ የመጣ ጎበዝ ልጅ በአንድ ከሰዓት በዶከር አስነሣላቸው። ተጨበጨበ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ አራት ወር ሙሉ ቁጭ ብላ ከ600 በላይ ሰነድ መዘገበች። ልጁ ልምምዱን ጨርሶ ሄደ። ከዚያ ዲስኩ ሞላ። አንድ ሌላ ሠራተኛ «እንዲህ ብለህ ጻፍ፣ ይጸዳል» የሚል ምክር ከኢንተርኔት አገኘና ጻፈው። ትእዛዙ በዶከር የተነሣውን ፖርታል የሚያስቆም ነው፤ ጫፉ ላይ ግን አንዲት «ቪ» ነበረች። ያቺ «ቪ» መረጃው የተቀመጠበትን ቮልዩም አብራ ትሰርዛለች።

መልሰው ሲያስነሡት ፖርታሉ ፏ ብሎ መጣ። ንጹሕ፣ አዲስ፣ ባዶ። እኔ ስደርስ ሠራተኛዋ ስክሪኑን እያየች ዝም ብላለች። «ባክአፕ አላችሁ?» አልኩ። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ፈለግን፣ ፈለግን፣ ወፍ የለም።

ጥፋቱ የዶከር አይደለም። በዚያ ቢሮ ውስጥ ሰነዶቹ በአካል የት እንደተቀመጡ የሚያውቅ አንድም ሰው አለመኖሩ ነው። ከሶርስ ሲገነቡ ይሄን ሳያውቁ ማለፍ አይችሉም። ፖስትግሬስ የሚባለውን የዳታቤዝ ሶፍትዌር በእጅዎ ይጭናሉ፣ ዳታቤዙን በእጅዎ ይፈጥራሉ። ፋይሎቹ የሚገቡበትን ፎልደር አድራሻ በእጅዎ ይጽፋሉ። ሶርሱ አንድ ፎልደር ውስጥ ነው፣ የሚሠራው ፖርታል ሌላ ፎልደር ውስጥ። ሜቨን የሚባለው መሣሪያ ሶርሱን ጠቅልሎ ያዘጋጃል። ከዚያ አንት የሚባለው ወደ መጨረሻ ቦታው ይወስደዋል። አንት ማለት ጉንዳን ነው፤ እንደ ስሙ ተሸክሞ ያደርሳል። ይሄን አንዴ ያደረገ ሰው ባክአፕ ሲባል ሁለት ነገር ትዝ ይለዋል፦ ዳታቤዙና «አሴትስቶር» የምትባለው ፎልደር። የካዛንቺሱ ቢሮ ያጣው ይሄንን ነው።

ሁለተኛው ነጥባቸው ኢንተርኔትና መብራት ነው። እዚህ ላይ አዲስ አበባ መሃል የሚሠራ ሰው ሁሉ ከጸሐፊው ጋር ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ነቅንቄያለሁ። የኮሪደር ልማቱ ሥራ በእኛ መንገድ ሲያልፍ ስንት ጊዜ መስመር እንደተቆረጠብን እኔና ጥበቃው ጋሼ ነን የምናውቀው። ኤክስካቫተሩ ሲመጣ «ዛሬም ኔትወርክ ልትሉ ነው?» ይሉኝ ነበር።

ግን እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ሜቨን መጀመሪያ ሲነሣ የሚያስፈልጉትን የጃቫ ላይብረሪዎች፣ ማለትም ፖርታሉ በተጻፈበት በጃቫ ቋንቋ የተዘጋጁ የኮድ ጥቅሎችን፣ አንድ በአንድ ከኢንተርኔት ያወርዳል። ብዙ ናቸው። የወረደውን ሁሉ ግን ኮምፒውተርዎ ላይ «ዶት ኤም ቱ» በምትባል ድብቅ ፎልደር ያስቀምጣል። መስመር ሲቆረጥ ይቆማል። ሲመለስ ያንኑ ትእዛዝ ደግመው ይሰጡታል፤ የወረደውን እንደገና አያወርድም፣ ከቀረበት ይቀጥላል። በዚህ አያያዝ አንድ ሳምንት ሙሉ በየማታው እየቀነጣጠቡ መጨረስ ይቻላል።

አንድ ልብ አውልቅ ነገር አለው። አንድን ፋይል ለማውረድ ሞክሮ ካልተሳካለት፣ «ባለፈው ሞክሬ አጥቼዋለሁ» ብሎ ይመዘግባል። መስመሩ ከተመለሰ በኋላም ደግሞ ሳይሞክር ያንኑ ቀይ ስሕተት ይተፋል። እኔ በዚህ አንድ ምሽት ሙሉ ተቃጥያለሁ። ኔትወርኩ አለ፣ ዩቲዩብ ይከፈታል፣ ሜቨን ግን የለም ይላል። መፍትሔው ትእዛዙ ላይ ትልቁን «ዩ» መጨመር ነው። «ተወው፣ እንደገና ጠይቅ» እንደማለት ነው። ምናልባት ጸሐፊው በዚያን ምሽት ይሆናል ተስፋ የቆረጡት። አልፈርድባቸውም።

ደግሞ ያቺ ፎልደር በፍላሽ ትዞራለች። እኔ ጋ የሞላች ፎልደር አለች። ከእኔ የወሰደ ሰው፣ ያንኑ ቨርዥን እስከሆነ ድረስ፣ የጃቫውን ክፍል ያለ ኢንተርኔት ይገነባዋል፤ ሜቨን ከመስመር ውጭ የሚሠራበት አማራጭ አለው። የዶከር ኢሜጅ የሚባለው የታሸገ ጥቅልም ቢሆን ከሰማይ አይወርድም፤ እሱም በዚሁ ኢንተርኔት ነው የሚመጣው።

ጸሐፊው ያላነሡት ሌላ ነገር አለ። ፖርታሉ ውጭ አገር ከሆነ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው በግንባታው ሳምንት ብቻ አይደለም። አንድ ተማሪ አንድ ገጽ በከፈተ ቁጥር ነው። የእኛ ሰርቨር ቢሮው ውስጥ ነው። ፋይበሩ የተቆረጠ ቀን ንባብ ክፍላችን የተቀመጡት ልጆች በውስጥ ዋይፋይ ፈልገው፣ ከፍተው፣ አንብበው ሄደዋል። አንዳንዶቹ መስመር መቆረጡንም አልሰሙም። ውጭ ቢሆን ኖሮ በሩ ላይ «ሲስተም የለም» የሚል ወረቀት እንለጥፍ ነበር። ያቺን ወረቀት አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቃት የለም።

መብራቱስ? ግንባታው ላፕቶፕ ላይ ነው፣ ላፕቶፕ ባትሪ አለው። ሰርቨሩ ዩፒኤስ አለው። ዩፒኤሱ 20 ደቂቃ ነው የሚቆየው፤ ያቺን 20 ደቂቃ ፖስትግሬስን በሥርዓት ለመዝጋት እንጠቀምባታለን።

ስለ ሰርቨር ዋጋ ብዙ አልልም። ዲስፔስ ከ7ኛው ቨርዥን ወዲህ ከበድ ማለቱ እውነት ነው። ግን ብዙ ሰው የሚደናገጠው ግንባታው ላይ ነው። የፊቱ ገጽ አንጉላር በሚባል የዌብ መሥሪያ የተሠራ ነው፤ እሱ ሲገነባ ሚሞሪ እንደ ጉድ ይበላል። ትንሽ ማሽን ላይ ከሆነ መሃል ላይ «ሚሞሪ አለቀ» ብሎ ይወድቃል። ሰው ይሄን ያይና «አዲስ ሰርቨር ግዙ» ይላል። አይግዙ። ሚሞሪ ያለው ላፕቶፕ ላይ ይገንቡትና «ዲስት» የምትባለውን የተጠናቀቀች ፎልደር ወደ ሰርቨሩ ይቅዱ። የሰርቨሩ አድራሻ ከተለየ የኮንፊግ (የማስተካከያ) ፋይል ስለሚነበብ እንደገና መገንባት አያስፈልግም። የእኛ «ሰርቨር» 16 ጊጋ ሚሞሪ ያለው ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ከላዩ የኮምፒውተር ሽፋን ሳይሆን የጠረጴዛ ዳንቴል አለበት፤ የባልደረባዬ ሥራ ነው።

ባለቤት የለውም የሚለው ነው የሚያናድደኝ። ባለቤት አለው። ፕሮጀክቱን የሚያስተባብረው ሊራሲስ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፤ እንደ አውሮፓውያን በ2019 ከቀድሞው ዱራስፔስ ጋር ተዋሕዶ ነው ኃላፊነቱን የያዘው። ግን ጥያቄያቸው ይሄ እንዳልሆነ ይገባኛል። «ሲበላሽ ስልክ የሚያነሣልኝ ማነው?» ነው።

ስልክ የሚያነሣ ባለቤትም አይቻለሁ። ከዚህ በፊት የሠራሁበት ቦታ አንድ ድርጅት ፖርታል ሠርቶ አስረከበ። ኮዱን ግን አላስረከበም። ክፍያው እስኪያልቅ ስልኩ በአንድ ጥሪ ይነሣ ነበር። ከተከፈለ በኋላ «ደንበኛውን ማግኘት አልተቻለም» የምትለዋ ሴትዮ ናት ያነሣችልን። አንድ የተሳሳተ ስልክ ቁጥር ከገጹ ግርጌ ላይ ለማስቀየር አንድ ዓመት ጠበቅን። ቁጥሩ አሁንም አለ።

ዲስፔስ ላይ እኔን የገጠመኝ ትልቁ ችግር ይሄ ነበር። ሁሉን ነገር ጨረስኩ። ገጹ ይታያል። ሎግኢን ስል ግን እምቢ። የይለፍ ቃል ቀየርኩ፣ እምቢ። አዲስ አስተዳዳሪ ፈጠርኩ፣ እምቢ። ፖርታሉ ሁለት ቁራጭ መሆኑን አስቡ፦ ከኋላ በ8080 ፖርት ጃቫው፣ ከፊት በ4000 ፖርት ገጹ። የኋላው የፊቱን የሚያውቀው ኮንፊግ ውስጥ በተጻፈለት አድራሻ ብቻ ነው። እኔ አድራሻውን በቁጥር ጽፌዋለሁ። ብሮውዘሩ ላይ ግን በስም ነበር የምከፍተው። ለሰው አንድ ቤት ነው፤ ለሶፍትዌሩ ግን የማያውቀው እንግዳ ነው፤ በር አይከፍትም። አንዲት መስመር አስተካከልኩና ሠራ። መልሱ በመመሪያው ውስጥ ተጽፎ ነበር። ለማንም አልደወልኩም፣ ለማንም አልከፈልኩም። አንድ ቀን ሙሉ ግን ከስሬያለሁ፤ እሱን አልክድም።

እዚህ ጋ ጸሐፊው «አንተ ብትታመምስ?» ቢሉኝ መልስ ያጥረኝ ነበር፤ ከጥያቄዎቻቸው ሁሉ ከባዱ ይሄ በሆነ ነበር። እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። እያንዳንዱን ትእዛዝ በሰማያዊ ደብተር ጻፍኩ። 11 ገጽ ሆነ። ከዚያ ባልደረባዬን፣ የፕሮግራም ሰው ያልሆነችውን፣ ባዶ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥኳትና እኔ ወጣሁ። ሁለት ቀን ፈጀባት። የተጣበቀችው ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ ሁለቱም ቦታ የእኔ የእጅ ጽሑፍ አልነበብ ብሏት ነው።

አሁን ወደ አማርኛው። ጸሐፊው ይሄን በአንድ አንቀጽ አልፈውታል። እኔ ግን እዚህ ላይ ነው የምቆየው።

«አማርኛ አይችልም» ሲሉ ማስረጃ ያቀረቡት ሰነድ ፈልገው ማጣታቸውን ነው። አምናቸዋለሁ። እኛም ጋ ደርሷል። አንድ ተማሪ መጥቶ ስለ ፀሐይ ኃይል የተጻፈ ጥናት ፈለገ። እሱ የጻፈው «ጸሀይ» ብሎ ነው። ጥናቱ ላይ ያለው «ፀሐይ» ነው። ለእኔና ለእናንተ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። የዲስፔስ የፍለጋ ሞተር ሶለር ይባላል። ሶለር ተብሎ ፀሐይን አጣት።

ይሄ ግን የሚስተካከል ነገር ነው። ሶለር ቃሉን ከመመዝገቡ በፊት ፊደል በፊደል የሚተካ ማጣሪያ አለው። እኛ የጻፍነው አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። በሰባቱም ቤት ሲሆን 35 መስመር። ሃ እና ኣን ጨምረን 37 ሆነ። እንደ ሧ ያሉትን ዲቃላ ፊደላት ትተናቸዋል። ይሄ ማጣሪያ ሰነዱ ሲመዘገብም፣ ሰው ሲፈልግም መሥራት አለበት፤ በአንዱ ብቻ ከሆነ ጭራሽ ይብሳል። ከዚያ ሁሉንም ሰነድ እንደገና ማስመዝገብ ነው፤ አንድ ትእዛዝ ነው። ሰነዱ ላይ ያለው ጽሑፍ አይነካም። «ፀሐይ» ያለው «ፀሐይ» እንዳለ ይታያል። ፍለጋው ብቻ ነው አስተዋይ የሚሆነው። ፋይሉም ከሶርሱ ጋር አብሮ ስለሚቀመጥ ቨርዥን ስንቀይር አብሮን ይሄዳል።

ሰነድ ተፈልጎ የሚታጣበት ሁለተኛው ምክንያት ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት፣ መሥሪያ ቤቶች የሚጽፉት የላቲን ፊደልን ቦታ በሚይዙ ፎንቶች ነበር። ሰነዱ ስክሪን ላይ አማርኛ ነው። ሦስት ቃል ኮፒ አድርገው ኖትፓድ ላይ ሲለጥፉት ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ቅራቅንቦ ይወጣል። ሶለር የሚያነበው ያንን ቅራቅንቦ ነው። ይሄን በዲስፔስ ማሳበብ ግፍ ነው፤ በየትኛውም ውድ የውጭ ፖርታል ላይ ያው ነው። እኛ ሰነድ ስንቀበል መጀመሪያ የምናደርገው ይሄን የኖትፓድ ፈተና ነው። የወደቀውን ወደ ዩኒኮድ እንቀይራለን። ስካን ለተደረገው ደግሞ ቴሰራክት የሚባለውን፣ ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነብ ሶፍትዌር እንጠቀማለን፣ የአማርኛ ሞዴል አለው። ፍጹም አይደለም፤ ከምንም ግን ይሻላል።

ሌላ ሁለት ጣጣ ልጨምርላቸው፣ እሳቸው ያላዩት። አንዱ ስም ነው። መመዝገቢያ ፎርሙ የቤተሰብ ስም አስቀድማችሁ ጻፉ ይላል። ባልደረባዬ በመጀመሪያው ሳምንት የደራሲዎቹን ሁሉ የአባት ስም አስቀድማ፣ ኮማ አድርጋ ጻፈች። ሰው የሚፈልገው በራሱ በደራሲው ስም ነው፤ ዝርዝሩ ግን በአባት ስም ተደርድሯል። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የት አለ? ፎርሙን የሚወስነው አንድ ፋይል ነው። መመሪያውን «ሙሉ ስም፣ እንዳለ» ብለን ቀየርነው። ለዚህኛው እውነት ለመናገር ግንባታም አያስፈልግም፤ ፋይሉን ማስተካከልና የጃቫውን ክፍል የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ቶምካትን፣ እንደገና ማስነሣት ብቻ ነው።

ሌላው ዓመት ነው። የኅትመት ቀን መስኩ የሚጠብቀው የአውሮፓን አቆጣጠር ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣ ሰነድ ላይ 2010 ብሎ የሚጽፍ ሰው ሰነዱን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አስረጅቶታል። የእኛን ዓመት የሚይዝ የራሳችንን መስክ ጨመርንና ሁለቱም ጎን ለጎን እንዲታዩ አደረግን። ገጹ ላይ እንዲታይ ማድረጉ የፊቱን ክፍል ኮድ መንካት ነበረበት። የገጹን ቃላት አማርኛ ማድረግም እንዲሁ ነው፤ ቃላቱ ያሉት በአንድ ፋይል ውስጥ ነው፣ ተርጉመን እንደገና እንገነባዋለን። «ብራውዝ»ን ምን እንበለው ብለን አንድ ሰዓት ተጨቃጨቅን። «ቃኝ» አሸነፈ። የውጭውን ድርጅት «ብራውዝን ቃኝ አድርጉልኝ» ብለው ኢሜይል ሲጽፉለት ይታየኛል።

ስለዚያ ስለ ውጭ ክፍያ አንድ ነገር ብቻ። በዶላር ነው። የዶላር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት የተፈረመ የዓመት ውል ሲታደስ በብር ስንት እንደመጣ የፋይናንስ ክፍላቸውን ይጠይቁ። በዚያ ላይ ዶላሩን ለማግኘት ባንክ የሚቆሙት ወረፋ አለ።

ሦስት ቀን ይባክናል ያሉት ላይ ግን እጅ እሰጣለሁ። የእኔ የመጀመሪያው አምስት ቀን ነው የፈጀው። ሁለተኛው ሁለት ቀን ሆነ፤ ሦስተኛው በአንድ ከሰዓት አልቋል።

ጸሐፊው እንደገና ሊሞክሩት ከፈለጉ ፍላሹ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ደብተሩንም ፎቶ ማንሣት ይችላሉ፣ የእጅ ጽሑፌን ከቻሉት። አራት ኪሎ ይምጡ፣ ማኪያቶው በእኔ ነው። ላፕቶፑን ብቻ ቻርጅ አድርገው ይምጡ።